ለቁም ነው ለተኛ?

እህቴን አገሩ ሁሉ «ባለሞረዷ» ይላታል። ደንበኞቿ የተጠቀለለ ሰንሰለት በጆንያ፣ አንዳንዴም የሞተር መጋዙን እንዳለ በትከሻቸው ይዘው ይመጡና ከአጥሩ ውጭ ሆነው «ባለሞረዷ አለች?» ይላሉ። «የት ትሄዳለች ብለህ ነው?» እላለሁ እኔ። የትም አትሄድም። ከቤታችን ጎን በተቀጠለው የቆርቆሮ ዳስ ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር፣ ከወፍራም ጣውላ የተሠራ ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ መጋዙን ቀርቅሮ የሚይዝ ሞርሳ ታስሯል። እሷ እዚያ ቆማ ትውላለች። ሞረዷን ወደ ፊት ትገፋለች፣ ታነሳለች፣ ትመልሳለች፣ እንደገና ትገፋለች። ወደ ኋላ አትጎትተውም፤ ወደ ኋላ የተጎተተ ሞረድ ራሱም ይደንዛል፣ ጥርሱንም ያበላሻል። ስትሠራ አታወራም። ሊያወራት የመጣ ሰው ካለ የምመልስለት እኔ ነኝ፤ ያውም ሁልጊዜ በደግ አፍ አይደለም።

ሥራ ከመጀመሯ በፊት ግን አንድ የማትተወው ጥያቄ አላት። «ለቁም ነው ለተኛ?» ትላለች። የቆመ ዛፍ ልትጥልበት ነው ወይስ የወደቀ ግንድ ልትቆራርጥበት ማለቷ ነው። የተኛ እንጨት ይቅር ባይ ነው፤ መጋዙ ቢንሻፈፍ ቁርጡ ያስቀይም እንደሆነ እንጂ ሰው አይጎዳም። የቆመ ዛፍ ግን ቀልድ አያውቅም። ቁርጡ ከመስመር ከወጣ ዛፉ ወዳሰብከው ሳይሆን ወደፈለገው ይወድቃል፣ አለዚያም ከመሃል ተሰንጥቆ ወደ ቆራጩ ይመለሳል። ስለዚህ ለቁም ከሆነ እያንዳንዷን ጥርስ በአውራ ጣቷ ጥፍር እየሞከረች ደግማ ታያታለች። ሰዉም ጥያቄዋን ስለለመደ ገና በሩን ሲያልፍ «ለተኛ ነው» እያለ ነው የሚገባው።

ይህን ሥራ ወዳ አልጀመረችውም። ያስጀመራት ዋርሳዋ ነው፣ የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም። በፊቱ «ጋሼ» እና «እርስዎ» እንለዋለን፤ አስተዳደጋችን እንዲያ ነው። በጓሮ ግን «እሱ» ነው የምለው፣ እሱም ሲበዛበት ነው።

ባሏ እንጨት ቆራጭ ነበር። ዳገቱ ላይ ከአባታቸው ለሁለቱ ወንድማማቾች ከቀረው ደን እየጣለ፣ እየቆራረጠ፣ እየፈለጠ ለዳቦ ቤቱ ምድጃ ያቀርባል። መጋዙን የገዛው በራሱ ላብ ነው። እንደ ልጅ ነበር የሚይዘው፤ ዝናብ መትቶት ሲገባ የራሱን ፀጉር ሳያደርቅ መጋዙን ያደርቃል። በሽታ ድንገት ጣለውና ሞተ። በተቀበረ ማግስት፣ ቤቱ ገና በለቀስተኛ እንደተሞላ፣ ወንድሙ ከነጭቃ ጫማው ወደ ጓዳ ገባና ከአልጋው ሥር መጋዙን ጎትቶ አወጣው።

እህቴ ልጇን እንዳቀፈች ተነሳች። «ጋሼ፣ የሱ እጅ የያዘው ነው እኮ» አለችው።

«እጅማ እኔም አለኝ» አለ፣ ቀኝ እጁን አንስቶ ለሰዉ እያሳየ። «ሴት ልጅ መጋዝ ምን ያደርግላታል? ዝገት ታስበላዋለች እንጂ።»

ቤት ሙሉ ወንድ ነበር። ሁሉም ወለሉን ማየት ጀመሩ፤ ወለሉ ላይ ምን እንደጠፋባቸው እንጃ። እሱ መጋዙን ተሸክሞ ወጣ፤ ከመጋዙ ጋር ደኑም፣ የዳቦ ቤቱም ደንበኝነት አብሮ ወጣ። እህቴ አላለቀሰችም። ልጇን አቀበለችኝና ጆሮዬ ሥር «እጁን ይንሳው» አለች። እንዲህ ያለ እርግማን በንዴት ይወጣና ይረሳል። የሷ አልተረሳም። ሆዷ ውስጥ አስቀምጣ ትመግበው ጀመር።

እኔ ሳምንት ላስተዛዝናት መጥቼ ነው የቀረሁት። ሻንጣዬን እስካሁን አልፈታሁም እያልኩ እቀልዳለሁ፤ ሻንጣው ራሱ በስብሶ ከተጣለ ቆይቷል። ያኔ የምንኖረው በጉቶ ነበር። ዋርሳዋ ዛፉን ከጣለና ግንዱን ካጋዘ በኋላ «ጉቶውን ውሰጂ» ይላታል፣ እንደ ቸር። ጉቶ ፈልጦ የማያውቅ ሰው ቸርነቱን አይረዳውም። ሥሩ እርስ በርሱ የተቆላለፈ፣ መጥረቢያውን ነክሶ የማይለቅ፣ በሽብልቅ ሲመቱት ሽብልቁን የሚተፋ ነገር ነው። መዳፏ ተሰንጥቆ ደም ያዣል፣ በጨርቅ ታስረውና ትቀጥላለች። ከላይ ከዳገቱ የባሏ መጋዝ ሲጮህ ይሰማናል። ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ቀና ትልና ታዳምጣለች፤ ከዚያ ጥርሷን ነክሳ ጉቶውን ትመታዋለች። ማንን እንደምትመታ አውቃለሁ።

እሱ ግን መጋዙን ሲወስድ ሞረዱን ረስቶት ነበር። ዘይት በጠጣ ጨርቅ ተጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፣ ክብ፣ ቀጭን፣ እጀታው በባሏ መዳፍ የለሰለሰ። ግድግዳው ምስማር ላይ ደግሞ የተጣለ አሮጌ ሰንሰለት ተንጠልጥሎ ቀርቷል። እህቴ በዚያ ሰንሰለት ላይ ተማረች። ባሏ ሲስል አጠገቡ ቆማ መብራት ትይዝለት ስለነበር እጁ ምን ያደርግ እንደነበር ታስታውሳለች። መጀመሪያ የጎረቤት መጥረቢያ፣ ቀጥሎ የአናጺ መጋዝ፣ ቀጥሎ አንድ ሰውዬ የሞተር መጋዙን «እስቲ ያው ከደነዘ አይብስበትም» ብሎ አመጣላት። ያ ሰውዬ በማግስቱ ወንድሙን፣ ወንድሙ ደግሞ አማቹን ይዞ መጣ። ሰጋቱራው እንደ ዱቄት ሳይሆን እንደ ፍርፋሪ መውጣት ሲጀምር ነው መጋዝ ተስሏል የሚባለው፤ የሷ ሁሌም ፍርፋሪ ነው። ልጇ አድጋ ሙሉ ሴት ስትሆን ደግሞ የተሳለውን መጋዝ አስነስቶ መሞከር የሷ ሥራ ሆነ። ክንዷ የአባቷ ነው። ግንድ ላይ ስታሳርፈው ደንበኞቹ ወሬያቸውን አቁመው ያዩዋታል። «እማዬ፣ የአባቴን መጋዝ መቼ ነው የምይዘው?» ትል ነበር፤ እህቴም ሞረዷን መግፋቷን ትቀጥላለች።

ዋርሳዋ በዚያ መሃል ስም አወጣ። «ቀጥ-አርጌ» ይሉታል። አንድ ግንድ በቆረጠ ቁጥር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይልና ቁርጡን እያየ «ቀጥ አድርጌ» ይላል፤ የሚሰማው ሰው ባይኖርም ይላል። እውነት ለመናገር ይቆርጣል። ቁራጩ ሲቆም ጠረጴዛ ነው፣ ሲደረደር ግንብ ነው። የዳቦ ቤቱ ባለቤት የሱን ክምር ለእንግዳ ያሳይ ነበር። መቁረጥ ሲችል መሳል ግን አይሆንለትም። የሞረደው ሰንሰለት ሁሉ ይቃጠላል፣ ይበጠሳል። ሲጨንቀው አንድ ጠዋት አንድ ሸክም ፍልጥ በጋሪ አስጭኖ፣ መጋዙን ይዞ ከደጃችን ቆመ።

«ያለፈው አልፏል» አለ።

ደሜ ፈላ። በዳዩ እሱ፣ አልፏል ባይም እሱ። አፌን ልከፍት ስል እህቴ ቀደመችኝ። ባሏ ከሞተ ወዲህ መጋዙን በቅርብ ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር። እጀታውን በእጇ ዳሰሰችው።

«ለቁም ነው ለተኛ፣ ጋሼ?»

«ለተኛ።»

«ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

የሰንሰለቱ ጥርሶች አንዱ ወደ ቀኝ አንዱ ወደ ግራ እየተፈራረቁ ነው የሚሰለፉት። ሁለቱም ወገን እኩል ካልተሳለ መጋዙ ወደ ሰላው ወገን ይሳባል። ይህን ዳሱ ውስጥ ያደገችው ልጇም ታውቀዋለች። እህቴ የዚያን ቀን የግራዎቹን አንድ በአንድ አሳምራ ሞረደች። ቀኞቹ ላይ ስትደርስ ሞረዷ ድምፁን እንኳ አልቀየረም፣ ግን ብረቱን እየደባበሰ ያልፍ ነበር። ቆሜ አያለሁ። እሱም ተቀምጦ ያያል፤ የሚታየው ግን ጎበዝ ሞራጅ ብቻ ነው።

ሲሄድ «ምንድነው ያደረግሽው?» አልኳት።

«እጅ አለኝ አላለም? እንግዲህ ይኑረው።»

ከዚያ ወዲህ እንዲሁ ሆነ። ለተኛ ሲል ታጣምምለታለች፤ ለቁም ሲል ቀጥ አድርጋ፣ ለራሷ ልጅ እንደምትስለው አድርጋ ትስልለታለች። ለምን ታዝኚለታለሽ ብዬ ተቆጣኋት። «ሞቱን ምን ላደርገው?» አለችኝ። «የሞተ ሰው አያፍርም። እኔ የምፈልገው መጋዙን አስቀምጦ፣ እጁን አጣጥፎ፣ እኔ እንደተቀመጥኩት ሲቀመጥ ማየት ነው።» ለልጇ ግን አንዲት ቃል እንዳልተነፍስ አስማለችኝ፤ ልጅቷ ምስጢር አይበረክትላትም። የአጎቷን መጋዝ ብቻ እንዳትሞክር «እሱ የራሱን ራሱ ይሞክር» ብላ ከለከለቻት።

አሁን ያየሁትን ሁሉ ብናገር ክፉ ሴት ናት ትሉኛላችሁ። በሉኝ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። መጀመሪያ እንጨቱን ነበር የሚወቅሰው፣ ቃጫው ጠማማ ነው እያለ። ቀጥሎ መሬቱን። ቀጥሎ ጫማውን፣ አንዱ ተረከዝ ተበልቶ ነው ብሎ አዲስ ገዛ። ግንዱ አሁንም ተንሻፎ ይቆረጣል፤ በአንድ ወገን ወፍራም፣ በሌላው ቀጭን። ቁራጩ አይቆምም፣ ክምሩ ይናዳል። የዳቦ ቤቱ ባለቤት አንድ ቀን ሰው በተሰበሰበበት አንዱን ቁራጭ ከፍ አድርጎ «ቀጥ-አርጌ፣ ይሄን ዓይንህን ጨፍነህ ነው የቆረጥከው?» አለው። ሰዉ ሳቀ። እሱ የዚያን ዕለት ወደ ቤቱ የሄደው በጓሮ መንገድ ነው አሉ።

ከዚያ ወደ ዓይኑ ዞረ። ሐኪሙ «ዓይንህ ደህና ነው» ቢለው፣ ይሄማ አያውቅም ብሎ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄደ፤ መነጽር አስደርጎ ተመለሰ። በመነጽሩም ያው ነው። ሚስቱ እኛ ቤት እንቁላል ልትገዛ ስትመጣ ትነግረኛለች፤ የቤቱን ሥዕሎች ሁሉ እየዞረ ተንሻፈዋል ይላል፣ ብርጭቆ ውሃ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ጎንበስ ብሎ ውሃው አጋድሏል አላጋደለም እያለ ያያል። እኔ ከንፈሬን እመጥላታለሁ። እሷ ስትወጣ ዳሱ ውስጥ ገብቼ ለእህቴ እተርክላታለሁ፤ እሷ ሳትስቅ፣ ሞረዷን ሳታቆም፣ «እሺ፣ ከዚያስ?» ትለኛለች።

አንድ ጊዜ አዲስ ሰንሰለት ገዝቶ ገጠመ። ያ መቼም ቀጥ ብሎ ቆረጠ። እሱ ታዲያ ምን አለ? «ዛሬ እጄ አርፎ ነው።» ሰንሰለቱ ሲደነዝ ወደኛ አመጣው፣ ያው ተጀመረ፣ «ይኸው ደግሞ ደከመ» አለ። ይህ ሰው ሁሉን ጠረጠረ፤ እንጨት፣ መሬት፣ ጫማ፣ ዓይን፣ እጅ። የእህቴን ሞረድ ብቻ አልጠረጠረም። የሌላው ሰው መጋዝ ሁሉ ከሷ ዘንድ ቀጥ ብሎ ሲወጣ እያየ ምን ብሎ ይጠርጥር?

እየቆየ «ቀጥ አድርጌ» ማለቱን ተወ። አንገቱን ወደ አንድ ጎን ጣል አድርጎ መሄድ ጀመረ፤ የቁርጡን መንሻፈፍ አንገቱን በማዘንበል ለማካካስ ፈልጎ ይመስለኛል። የእጁን አንጓ በቀበቶ አሰረው። ከዚያም የቆመ ዛፍ መጣሉን ጨርሶ ተወውና ዛፍ የሚጥሉ ሌሎች ቆራጮችን ከነመጋዛቸው ያስመጣ ጀመር፤ እሱ የወደቀውን ብቻ ይቆራርጣል። እህቴ ይህን ስትሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ከዚያ ወዲህ ቀጥ አድርጋ የሳለችለት ቀን የለም፤ መልሱ ሁልጊዜ ለተኛ ሆነ።

የመጨረሻ ጊዜ ሲመጣ እንደወትሮው በር ላይ አልቆመም። ገብቶ ተቀመጠ።

«ባለሞረዷ» አላት፤ ከዚያ በፊት በዚህ ስም ጠርቷት አያውቅም። «ያንቺን ሞረድ ከምጠረጥር እጄን ብጠረጥር ይሻለኛል እያልኩ ነው የኖርኩት። እጄ ነው የከዳኝ። ለምን እንደከዳኝም ሳይገባኝ አልቀረም።»

እህቴ ቀና አላለችም። «ለቁም ነው ለተኛ፣ ጋሼ?»

«ኧረ ለተኛ። ቁም ድሮ ቀረ።»

እሷም እንደለመደችው አጣመመችለት።

በማግስቱ ጠዋት እኔ ዳገቱ ላይ ጭራሮ እለቅማለሁ። የእህቴ ልጅም መጥታ ነበር፤ አጎቷ ጠርቷት ነው። ከቤታችን በላይ የቆመ አንድ ትልቅ የደረቀ ዛፍ ነበር፤ አባቷ በሕይወት ሳለ «ይሄ አንድ ቀን ጣሪያችን ላይ ይመጣል፣ እጥለዋለሁ» እያለ ሳይደርስበት የሞተ። አጎቷ ዛፉ ሥር መጋዙን ይዞ ቆሟል። አየኝ፣ ሰላምታ እንኳ አልሰጠኝም። ለልጅቷ መጋዙን በሁለት እጁ አድርጎ ዘረጋላት።

«ይሄ የአባትሽ ነው» አላት። «በዚህ እጄ ወሰድኩት፣ እግዜርም ይሄንኑ እጄን ወሰደብኝ። ገብቶኛል። ውሰጂው፣ ልጄ።»

ልጅቷ ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ ስትል አነሳት። ከዚያ መጋዙን ተቀብላ ደረቷ ላይ አስጠጋችው፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «መጀመሪያ የምጥለው ይሄንን ዛፍ ነው» አለች። «አባቴ ያለውን።» እሱም «ጣዪው፣ እኔ ዳር ሆኜ አይሻለሁ» አላት።

ጭራሮዬን በትኜ ቁልቁል ሮጥኩ። በደስታ አብጄ ነበር። እኔ የፍልጥ ሰው ነኝ እንጂ የሞረድ ሰው አይደለሁም፤ የተመለሰው መጋዝ እንጂ መጋዙ ላይ ያለው ሰንሰለት ትዝ አላለኝም። ዳሱ ውስጥ ገብቼ «እቴቴ፣ እልል በይ» አልኳት። «መጋዙ ተመለሰ። በገዛ እጁ ለልጅሽ ሰጣት። እግዜር እጄን ወሰደብኝ አለ። የደረቀውን ዛፍ ልትጥልበት ነው።»

ሞረዷ ከእጇ ወደቀ። ሞረድ ሲወድቅባት አይቼ አላውቅም።

«በየትኛው ሰንሰለት?» አለች፤ መልስ ግን አልጠበቀችም። ያኔ ነው እኔም የገባኝ።

ዳገቱን እንዴት እንደወጣች አላውቅም፤ እኔ ከኋላዋ እየወደቅኩ እየተነሳሁ ነው። የሞተሩ ድምፅ ይሰማል፤ ቆም አለ፣ እንደገና ተነሳ። ስንደርስ ዛፉ በሚወድቅበት በኩል በመጋዝ አፍ ተከፍቶለታል፤ ልጅቷ ከኋላው ዞራ መጋዙን መክተት ጀምራለች። ብትጮህላት አይሰማትም። እህቴ ሻሿን አውልቃ እያውለበለበች ዞረችና በተከፈተው አፍ ፊት፣ ዛፉ ሊወድቅበት በታሰበበት ቦታ ላይ፣ ሄዳ ቆመች። ልጅቷ አየቻት። ሞተሩን አጠፋች።

«እማዬ፣ ምን ሆነሻል? ሊወድቅብሽ ነው እኮ።»

«መጋዙን ከዛፉ አውጪው። ቀስ ብለሽ። አዎ። አሁን ወደኔ ነይ።»

ልጅቷ መጣች። ቁርጡ ገና ጠልቆ አልገባም፣ ግን ከአሁኑ ወደ ታች መስመጥ ጀምሮ ነበር፤ እኔ እንኳ አየሁት። እህቴ ዓይኗን ከልጇና ከቁርጡ ላይ ሳትነቅል ተናገረች።

«ሰንሰለቱ ጠማማ ነው።»

«ምን?» አለ እሱ ከዳር። «ትናንት ካንቺ ዘንድ የወጣው ሰንሰለት?»

«ትናንት ከኔ ዘንድ የወጣው። ሆን ብዬ ነው ያጣመምኩት። ይሄንንም፣ የአምናውንም፣ ከዚያ በፊት የነበረውንም። እጅዎ ምንም አልሆነም፣ ጋሼ። ዓይንዎም ምንም አልሆነም። እኔ ነኝ።»

ፊቱን ያየሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ የእጁን አንጓ ቀበቶ ፈታ። ቀኝ እጁን አነሳ፣ ገለባበጠው፣ ጨበጠው፣ ዘረጋው። ከዚያ ፊቱ በራ። የማይድን በሽታ አለብህ ተብሎ ከርሞ ተሳስተን ነው የተባለ ሰው ፊት ነበር። ልጅ ሆነ። ሳቀ፣ እስከ መንጋጋው ድረስ ሳቀ። እንዲያ ደስ ያለው ሰው በሕይወቴ አላየሁም፤ በጥፊ ባልኩት ብዬ ተመኘሁ።

«ከእግዜር አይደለም ማለት ነው?» አለ።

«ከኔ ነው» አለች እህቴ፣ አሁንም የልጇን ትከሻ ይዛ፣ ጀርባዋን ሰጥታው።

«ከእግዜር አይደለም» ብሎ ለራሱ ደገመው። መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ከተተ። ወደ ልጅቷ መጣና እጁን ዘረጋ። «በይ መጋዙን አምጪ።»

«አጎቴ፣ አሁን ሰጥተውኝ እኮ።»

«የሰጠሁሽ እግዜር የጠየቀኝ መስሎኝ ነው። ለካስ የጠየቀኝ የለም።»

ከእጇ ወሰደው። አልነጠቃትም፣ እሷም አልታገለችውም፤ ታላቅ ሰው ዕቃውን ሲቀበል እንደሚደረገው ሆነ። እኔ ግን አልቻልኩም። «ጋሼ፣ አያፍሩም?» አልኩት።

«ማፈርስ ያጣመመው ይፈር» አለኝና መጋዙን ትከሻው ላይ አድርጎ መንገዱን ያዘ። አንገቱ ቀጥ ብሎ ነበር።

ልጅቷ መዳፏን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ያለቀሰች መስሎኝ ነበር፣ አላለቀሰችም። «እማዬ» አለች፣ «ዛፉ ውስጡ በስብሷል፣ ተይው ብትዪኝ አቆም ነበር። ነይ መጀመሪያ ልሳለው ብትዪኝም አቆም ነበር። ደስ እያለኝ አቆም ነበር።» ልጅቷ ወደ ቤት ብቻዋን ወረደች።

እህቴን ከዛፉ ራቅ አድርጌ አንድ የተጋደመ ግንድ ላይ አስቀመጥኳት። ትንፋሿ ገና አልተመለሰም። ሻሿን አንስቼ አራግፌ ሰጠኋት፤ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ልናደድባት ፈልጌ ነበር። መጋዙ እጃችን ገብቶ፣ እሱ በገዛ አፉ ተናዝዞ፣ አንዲት ትንሽ ውሸት ብቻ ነበር የምታስፈልገን።

«እቴቴ፣ ልጅቷ ልክ ናት» አልኳት። «ምን ነበረበት ዋሽተሽ ብታስቆሚያት?»

«ሳልዋሽ ቀርቼ አይደለም። እየሮጥኩ ውሸቱን አዘጋጅቼ ነበር።»

«ታዲያስ?»

«እዚያ ቆሞ ሳየው እግዜርን ሊያመሰግን ምንም አልቀረውም። የሱን እጅ የነሳሁት እኔ፣ ምስጋናው ለሌላ። አልቻልኩም። እንዲያውቅ ፈለግኩ።»

እኔም ብሆን የምችል አይመስለኝም። ከታች የዳሱ ቆርቆሮ በፀሐይ ያብረቀርቃል፤ አንድ ደንበኛ ጆንያውን ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ይታየኛል። እህቴም አየችው፣ ግን አልተነሳችም።

«ስነግረው ፊቱን አየሽው?» አለችኝ።

«አየሁት።»

«እኔ እሷን ሳይ አመለጠኝ። ዞር ስል መንገድ ጀምሯል። ምን መሰለ?»

ዓይኖቿን ፊቴ ላይ ተክላ ትጠብቃለች። መዳፏ ጭኗ ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል፤ የጉቶው ስንጥቅ አሁንም አልጠፋም። ከዚያ ሁሉ ዓመት የቀራት ይህ ብቻ ነው፣ እሱም በእኔ አፍ ውስጥ ነው ያለው።

«ዐመድ መሰለ» አልኳት። «ቆሞ የሞተ ነው የመሰለው፣ እቴቴ።»

«እሰይ» አለች።